በሰሜን ሸዋ ጌም ጃም ማዘጋጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ ደብረ ብርሃንን ታሳቢ አድርገው የተጻፉ ናቸው። ለእነዋሪ፣ ለመሐል ሜዳ ወይም ለሸዋ ሮቢት ሲሆን የሚለወጠው ጥቂት ነው።

ጌም ጃም ምንድን ነው?

ጌም መሥራት የሚወዱ ሰዎች ተሰብስበው፣ ጭብጡ እዚያው ተነግሯቸው፣ ከባዶ ተነሥተው በተቆረጠ ሰዓት ትንሽ ጌም ሠርተው የሚያሳዩበት የወዳጅነት ውድድር ነው። በኢንተርኔት ከሚካሄዱት ቀደምት የሆነው ሉደም ዳሬ በ2002 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። በአካል ተገናኝቶ የሚሠራበት ግሎባል ጌም ጃም ደግሞ ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየዓመቱ በብዙ አገሮች በአንድ ሰሞን ይካሄዳል፤ ጊዜው አብዛኛውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ከጥምቀት በኋላ ይውላል።

ከጌሙ ብዙ አይጠበቅም። አምስት ደቂቃ የሚያጫውት፣ ሥዕሉ ሳጥንና ክብ ብቻ የሆነ ጌም ይበቃል። የሚጠበቀው አንድ ነገር ነው፦ ሰዓቱ ሲያልቅ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ይከፈት። አዘጋጁም ከድካሙ አብዛኛውን እዚህ ላይ ቢያውለው አይቆጨውም።

የግድ 48 ሰዓት መሆን አለበት?

የለበትም። 48 ሰዓት የተለመደ ልክ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ሰውን አዳራሽ ውስጥ ማሳደር ከብርዱ ጀምሮ ብዙ ጣጣ አለው፦ ጥበቃው በር መቆለፍ አለበት፣ የሰዓት እላፊ ገደብ ሊኖር ይችላል፣ ልጁን በተለይም ሴት ልጁን ከቤት ውጭ እንድታድር የማይፈቅድ ቤተሰብም ብዙ ነው። የቀን ጃም ብዙ ሰው ያመጣል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ሞክሩ፦ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12፣ እሁድ ሰው ቅዳሴ ደርሶ እንዲመጣ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 10። በድምሩ 15 ሰዓት ይሆናል። ማታ እቤት መሥራት ይፈቀድ አይፈቀድ አስቀድማችሁ ወስኑና ተናገሩ። እኛ እንዲፈቀድ እንመክራለን፤ መከልከሉን መቆጣጠር የሚችል የለም።

በነዚህ 15 ሰዓታት ውስጥ አራት መፈተሻዎች አስቀምጡ። ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ እያንዳንዱ ቡድን ሐሳቡን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገር። 8 ሰዓት ላይ በቁልፍ የሚንቀሳቀስ ሳጥን ያሳይ፤ ሳጥኗ ካልተንቀሳቀሰች ሐሳቡ ትልቅ ነውና ይቆረጥ። 11 ሰዓት ላይ ጌሙን፣ ያለበት ደረጃ ላይ ሆኖ፣ ኤክስፖርት አድርጎ (ለብቻው የሚከፈት ፋይል አድርጎ አውጥቶ) በአዘጋጁ ኮምፒውተር ላይ ያስከፍት። እሁድ 8 ሰዓት ላይ ደግሞ አዲስ ነገር መጨመር ይቁም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት ቡግ (የኮድ ስህተት) ለማረም ብቻ ነው። ከአራቱ ሦስተኛውን ብቻ ብትይዙ እንኳ ጃሙ ይተርፋል።

መቼ ብናደርገው ይሻላል?

ከፈተና ሰሞን ራቁ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሌለበት ጃም ደብረ ብርሃን ላይ ጭር ይላል። ሐምሌና ነሐሴም አይመከሩም፦ ዝናብ፣ የመብራት መቆራረጥ፣ ከደብረ ሲና በኩል ለሚመጣ ደግሞ የጣርማ በር ጉም። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥሩ ነው፣ ሌሊቱ ግን አመዳይ ያወርዳል። በዓል ሲመጣ ከዋዜማውም ተጠንቀቁ፤ የገና ዋዜማ ላይ ኮድ ልጻፍ ብሎ የሚመጣ አይኖርም።

ስንት ሰው እንጋብዝ? ቡድንስ ስንት ይሁን?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከ15 እስከ 25 ሰው ልክ ነው። በነጻ ከተመዘገበው ሲሶው ቢቀር አትደንግጡ፤ 20 ሰው ከፈለጋችሁ 30 መዝግቡ።

ቡድን ከአንድ እስከ ሦስት ሰው ይሁን። አራተኛው ሰው ሲገባ አንዱ ቁጭ ብሎ ተመልካች ይሆናል። ሦስት ፕሮግራመር አንድ ቡድን ውስጥ መግባቱም አይመከርም፤ አንድ ፋይል ሦስቱም ሲነኩት የማን እንደሚቀር መጨቃጨቅ ይመጣል። ጊት (የብዙ ሰው ኮድ መዝግቦ የሚያዋሕድ መሣሪያ) የሚያውቁ ከሆነ መልካም፣ ካላወቁ ግን የጃሙ ጠዋት ጊት የሚለመድበት ጊዜ አይደለም። አንዱ ዋናውን ተጫዋች፣ ሌላው ሜኑና ድምፁን፣ በየራሱ ፋይል ይሥራና አንድ ሰው ብቻ ያዋሕደው።

ፕሮግራም የማይችል ሰው ቦታ አለው?

አለው። ሥዕል፣ ድምፅ፣ የደረጃዎች ንድፍ፣ ጌሙን እየተጫወቱ የሚሰበርበትን መፈለግ ሁሉም ሥራ ነው። ብሎክ እየገጣጠሙ ፕሮግራም የሚሠሩበት ስክራችም በአንድ ጠዋት ይለመዳል።

ቦታው ምን ማሟላት አለበት?

መብራት፣ ወንበርና የሚቆለፍ በር። ቁልፍ የያዘውን ሰው ስልክ ሁለት አዘጋጆች ይያዙ፤ ቅዳሜ ጠዋት በር ላይ ቆሞ መጠበቅ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ከሁሉም የሚያስቸግረው መብራቱ ነው። አንድ ላፕቶፕ ቻርጀሩ 65 ዋት ቢሆን ሃያው 1300 ዋት ይወስዳል። አንድ የ10 አምፒር ማከፋፈያ በ220 ቮልት የሚችለው 2200 ዋት ነው። ስለዚህ ላፕቶፖቹ ብቻቸውን ከሆኑ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው ረፋዱ ላይ ብርዱ የጠናበት ሰው 2000 ዋት የሚበላ ማሞቂያ እዚያው መስመር ላይ ሲሰካ ነው፤ ብሬከሩ ይወድቃል፣ ባትሪያቸው የሞተ አሮጌ ላፕቶፖች አብረው ይጠፋሉ፣ ያልተቀመጠ ሥራም ይሄዳል። ማሞቂያና የቡና ማፍያ ምድጃ ከሌላ ክፍል፣ ከሌላ መስመር ይሰኩ። ባትሪያቸው የማይዝ ላፕቶፖችን ጠዋት ላይ ለዩና አንድ ጥግ በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በሚያቆይ ባትሪ) አሰባስቧቸው።

ለመሞቂያ ብላችሁ ከሰል የተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስገቡ። ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል። የቡናው ከሰል ደጅ ይቀጣጠል፣ ቡናውም በረንዳ ላይ ይፈላ።

ጀነሬተር ስንት ኪሎዋት ይበቃል?

ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። የቤንዚን ጀነሬተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ300 ሜትሩ ከኃይሉ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በቂ ኦክስጅን አያገኝም። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 3 ኪሎዋት የተባለው ጀነሬተር ከሁለት ኪሎዋት ብዙም የማይበልጥ ቢሰጥ አይግረማችሁ። ለሃያ ላፕቶፕ፣ ለፕሮጀክተርና ለራውተር ይሆናል፤ ለማሞቂያ ግን አይሆንም። ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነች ጀነሬተሩ ይሻለዋል። እዚያ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው፤ ላፕቶፕ ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳልና ቬንትሌተር አዘጋጁ።

ኢንተርኔት ባይኖርስ?

እንደማይኖር አድርጋችሁ ተዘጋጁ። ቢኖር ትርፍ ነው። ከሳምንት በፊት አንድ ማኅደር አሰናዱ፦ ኢንጂኖቹ (ጌም የሚሠራባቸው ሶፍትዌሮች) ከነኤክስፖርት ቴምፕሌታቸው፣ ከኢንተርኔት ውጭ የሚነበብ መመሪያቸው፣ ነጻ ሥዕልና ድምፅ፣ የአማርኛ ፎንቶች፣ ለድምፅ ኦዳሲቲ፣ ለሥዕል ክሪታ ወይም ጊምፕ፣ ዚፕ መፍቻ። ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃዋል።

ማኅደሩን በፍላሽ ከማዞር ግን ራውተር ይሻላል። ኢንተርኔት የሌለው ተራ ዋይፋይ ራውተር አስቀምጡ፤ አንድ ላፕቶፕ ላይ ከፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጋር የሚመጣውን ትንሽ የዌብ ሰርቨር አስነሡና ሰው ሁሉ በብራውዘር ያውርድ። ፍላሽ ከሃያ ኮምፒውተር ዞሮ ሲመለስ ሾርትከት ቫይረስ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የማታውን ሥራ አቋራጭ ምልክት አድርጎ ሲደብቀው ባለቤቱ የጠፋ ይመስለዋል። ሥራ የሚረከበውም በዚሁ ራውተር ቢሆን ይመረጣል።

የትኛው ኢንጂን ይሻላል?

ሰውየው የሚያውቀው። አዲስ ኢንጂን በጃም ላይ ልማር ያለ አብዛኛውን ጊዜ መማሩን ይማራል፣ ጌሙ ግን አይደርስም።

ምንም ለማያውቅ ስክራች፣ ኮድ ለጀመረ ጎዶት ጥሩ ነው። ጎዶት ነጻ ነው፤ ሲወርድ ከ100 ሜጋባይት በታች የሆነ ዚፕ ነው፤ መጫን ሳያስፈልገው ይከፈታል። ወጥመዱ ሌላ ነው፦ ጌሙን ወደ ዊንዶውስ ወይም ወደ ብራውዘር የሚያወጣው ኤክስፖርት ቴምፕሌት ለብቻው ይወርዳል፣ ክብደቱም 1 ጊጋባይት አካባቢ ነው። እሁድ 9 ሰዓት ከ45 ላይ በሞባይል ዳታ ይህን ማውረድ የጀመረ ቡድን አለቀለት። ቴምፕሌቱ ከኢንጂኑ የእትም ቁጥር ጋር አንድ መሆን ስላለበትም ሁሉም ሰው ከማኅደሩ ያለውን አንድ እትም ይጠቀም።

የቆየ ላፕቶፕ ላይ ጎዶት 4 አልከፈት ካለ ፕሮጀክቱ ሲፈጠር «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለው አማራጭ ይመረጥ። እሱም እምቢ ካለ ጎዶት 3 አለ። ጎዶት 4ን በሲ ሻርፕ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ወደ ብራውዘር ማውጣት እንደማይችል ከመጀመሪያው ይነገረው። ዩኒቲ ብዙ ጊጋባይት ነው፤ አስቀድሞ ጭኖ የመጣ ይጠቀምበት።

ጭብጡን እንዴት እንምረጥ?

ሰው ሲመዘገብ አንድ አንድ ቃል ይጻፍ፤ አዘጋጆቹ አምስት ይለዩ፤ ቅዳሜ ጠዋት እጅ ወጥቶ ይመረጥ። እንዲህ ሲሆን አስቀድሞ የሠራ ሰው አይጠቀምም።

ጥሩ ጭብጥ ጠባብ ሆኖ ብዙ በር የሚከፍት ነው። «ቁልቁለት» ቢባል አንዱ ፍሬኑ የሰለለ አይሱዙ ከጣርማ በር ያወርዳል፣ ሌላው የሚወድቅ የሙቀት መለኪያ ይሠራል፣ ሦስተኛው ጓሳ ላይ ገደል የሚወርድ ጭላዳ ያመጣል። «ታሪካችን» ቢባል ግን ሰው ግማሽ ቀን ሲከራከር ይውላል። ብሔርንና ሃይማኖትን የሚነካ ጌም እንደማይቀርብ ደንቡ ላይ በግልጽ ጻፉ፤ በዕለቱ ከመዳኘት ይሻላል።

አስቀድሞ የተሠራ ነገር ይፈቀዳል?

ኢንጂን፣ ላይብረሪና ለሁሉም ክፍት የሆነ ኮድ ይፈቀዳል። ያለቀ ጌም ልብሱን ለውጦ ማምጣት አይፈቀድም። ሥዕልና ድምፅ ፈቃዱ የታወቀ ከሆነ ይሁን፤ «ሲሲ ዜሮ» የተባለው ስም መጥቀስ እንኳ አይጠይቅም፣ «ሲሲ ባይ» ደግሞ የሠሪውን ስም ይፈልጋል። የታወቀ ዘፋኝ ዜማ ቆርጦ ማስገባት ግን ክልክል ነው። በኤአይ የተሠራ ካለ ምኑ በምን እንደተሠራ ይጻፍ፤ ዳኞች ይመዝኑት።

አማርኛው ለምን ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል?

ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ፎንት ስላለው በሠሪው ላፕቶፕ ላይ ጎዶት ከሲስተሙ ተበድሮ በትክክል ያሳየዋል። ብራውዘር ላይ ሲወጣ ግን የሚበደርበት የለም፣ ፊደሉ ሁሉ ሳጥን ይሆናል። መፍትሔው ፎንቱን ራሱን ፕሮጀክቱ ውስጥ ማስገባትና በጌሙ ቅንብር ላይ ዋና ፎንት ማድረግ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እና አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል ሁለቱም በነጻ ፈቃድ የሚገኙ ናቸው።

መጠኑን አታሳንሱ። ከ24 ፒክስል በታች ሲሆን «ጨ» ከ«ጬ»፣ «ሐ» ከ«ሕ» በፕሮጀክተር አይለይም። በራስ እጅ የፒክስል ፊደል ለመሥራት የሚነሣ ካለ ከ200 በላይ ፊደል እንደሚጠብቀው አስታውሱት። ተጫዋቹ ስሙን በአማርኛ እንዲጽፍ ማድረግም ጣጣ ነው፤ ከተዘጋጁ ስሞች ይምረጥ።

የማብቂያ ሰዓቱን እንዴት እንጻፈው?

በቀን ብርሃን የሚውል ይሁን። «ቅዳሜ ሌሊት 7 ሰዓት» ብትሉ ለእኛ የቅዳሜ ሌሊት ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን እሁድ ገብቷል፤ አንድ ሙሉ ቀን የሚሳሳት ሰው ይኖራል። «እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በኮምፒውተር 16:00» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ኢች ዶት አይኦ በተባለው የጌም ድረ ገጽ ላይ የጃም ገጽ ከከፈታችሁ ሰዓቱን ለእያንዳንዱ ጎብኚ በራሱ አቆጣጠር ያሳያል፤ ስለዚህ ሰዓቱ የተዛባ ላፕቶፕ ይዞ የመጣ ሰው ይሳሳታል። ግድግዳ ላይ አንድ ሰዓት ስቀሉና ሕጋዊው እሱ ይሁን።

ሥራ ሲረከብ የሚበላሸው ምንድን ነው?

ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነገር ነው።

ዚፑ ውስጥ የሚነሣው ፋይል ብቻ ይገባና አብሮት መሄድ ያለበት የዳታ ፋይል ይቀራል። በሠሪው ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ጎኑ ስላለ ይሠራል፤ ሌላ ጋ ግን አይከፈትም። በብራውዘር የሚከፈት ጌም ደግሞ «ኢንዴክስ» የተባለው ፋይል ዚፑን ሲከፍቱት ፊት ለፊት መገኘት አለበት፣ በሌላ ፎልደር ውስጥ ከተደበቀ ኢች ዶት አይኦ አያገኘውም። ይህንኑ ፋይል ሁለት ጊዜ ተጭኖ ለመክፈት የሚሞክርም አለ፤ ብራውዘሩ ስለሚከለክል ነጭ ገጽ ብቻ ይታያል። በሰርቨር በኩል ይከፈት።

የፋይል ስም ላይ ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል መደባለቅ ሌላው ነው። ዊንዶውስ ግድ የለውም፣ ዌብና ሊኑክስ ግን እንደ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ያዩታልና ሥዕሉ ይጠፋል። ሁሉም ስም በትንሽ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ይጻፍ። ኮዱ ውስጥ «ዴስክቶፕ» ድረስ የሚጠራ ሙሉ አድራሻ ያስቀመጠም እንዲሁ ጉድ ይሆናል።

የፓይተን ጌም ወደ አንድ ፋይል ሲታሸግ አንቲቫይረስ ቫይረስ ነው ብሎ ሊያጠፋው ይችላል፤ ማሳያ ኮምፒውተሩ ላይ ፓይተንና ፓይጌም የተባለውን የጌም ላይብረሪ ጭናችሁ ከነኮዱ አስነሡት። ብራውዘር ላይ «ድምፅ የለውም» ከተባለ ደግሞ ተጫዋቹ አንድ ጊዜ እስኪጫን ብራውዘሩ ድምፅን ስለሚያግድ ነው፤ «ጀምር» የሚል ቁልፍ ያለው የመግቢያ ገጽ ይፈታዋል።

ዘግይቶ ላመጣስ?

15 ደቂቃ ለዚፕ ብቻ ስጡ፣ ይህንንም አስቀድማችሁ አትናገሩ። ከዚያ ያለፈ ይታያል፣ አይዳኝም። የቅዳሜ 11 ሰዓቱ ቅጂ እጃችሁ ላይ ስላለ ፈጽሞ ባዶ እጁን የሚቀር የለም፤ ያን መፈተሻ የግድ ያሰኘውም ይህ ነው።

ዳኝነቱ እንዴት ይሁን?

ተሳታፊዎቹ እርስ በርስ ይዳኙ። ላፕቶፖቹን ረድፍ ላይ አሰልፉ፣ እያንዳንዱ ላይ ጌሙ ተከፍቶ ይጠብቅ፤ በየ6 ደቂቃው ፉጨት ሲነፋ ሁሉም አንድ ወንበር ወደ ቀኝ ይሂድ። ከየቡድኑ አንድ ሰው ላፕቶፑ ጋ ይቆይ፣ ነገር ግን አያስረዳ፤ ማስረዳት ካስፈለገ ጌሙ ራሱ አላስረዳም ማለት ነው። አሥር ጌም በአንድ ሰዓት ያልቃል።

ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ይኑር፣ ከ1 እስከ 5፦ ያዝናናል ወይ፣ ጭብጡን ይዟል ወይ፣ አዲስ ነገር አለው ወይ። ለራስ ጌም አይሰጥም። ስትደምሩ ከየጌሙ አንድ ከፍተኛና አንድ ዝቅተኛ ነጥብ ጣሉ፤ የጓደኛ ውለታም ቂምም አብሮ ይወጣል። ከዚያ ድምሩን ሳይሆን አማካዩን ውሰዱ፣ ሁሉም ጌም በእኩል ሰው ላይጫወት ይችላልና።

በፕሮጀክተር ለሕዝብ የምታሳዩ ከሆነ ማገናኛውን ዓርብ ሞክሩ። የቆየው ፕሮጀክተር ቪጂኤ፣ አዲሱ ላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ ብቻ ሊኖረው ይችላል። በቀን ብርሃን ጨለማ ጌም አይታይም፤ መጋረጃ ከሌለ ተሳታፊዎቹ ቅዳሜ ይወቁት።

ሽልማቱ ስንት ይሁን?

ትንሽ። ገንዘቡ ሲበዛ ሰው ያለቀ ጌም ደብቆ ይመጣል፣ ደንብ እየጠቀሰ ይከራከራል፣ ወዳጅነቱም ይቀራል። ፍላሽ፣ ማውዝ፣ ወይም የከተማዋ የራሷ ብርድ ልብስ ይበቃል። ብርድ ልብሱ እንደ ቀልድ ቢታይም በጥር ሌሊት ከማውዙ ይበልጣል።

ምግብስ?

በያይነቱ ሁሉን ያስማማል፤ ጾመኛውም ይበላዋል፣ የክርስቲያን ሥጋ የእስላም ሥጋ የሚል ጥያቄም አይነሣም። በአንድ ገበታ ለአንድ ሰው ሁለት እንጀራ ብትይዙ ለ20 ሰው በሁለት ምሳ 80 እንጀራ ነው። ውኃ በቀን ለሰው አንድ ሊትር ተኩል፣ በድምሩ 60 ሊትር። ለመክሰስ ቆሎ ከብስኩት ይመረጣል፣ ኪቦርድ አያቀባም። እንጀራው ግን ኮምፒውተር ከሌለበት ክፍል ይቅረብ፣ መታጠቢያውም እዚያው ይሁን።

ቡናውን በመፈተሻ ሰዓቶቹ ላይ አድርጉት። ለፍተሻ የማይነሣ ሰው ለቡና ይነሣል።

ከሌላ ከተማ ለሚመጣስ?

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ቅዳሜ በማለዳ ተነሥቶ የሚደርስ አለ። ከመንዝ በኩል የሚመጣ ግን ዓርብ ገብቶ ይደር። እሁድ ዳኝነቱ በ12 ሰዓት ሳያልቅ ከቀረ የሩቁ ሰው ወይ ያድራል ወይ ሳያይ ይሄዳል፤ በመሸ መንገድ ላይ አታውጡት። ከቆላ ለሚመጣው ጋቢ ወይም ጃኬት ይዞ እንዲመጣ ንገሩት።

ጌሙ የማን ነው?

የሠራው ሰው ነው፤ ቡድን ከሆነ የሁሉም በጋራ። አዘጋጁ የማሳየት ፈቃድ ብቻ ይወስዳል፣ ይህንንም በምዝገባ ወረቀቱ ላይ ያስፈርማል። ከነኮዱ አንድ ቅጂ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች አስቀምጡ፤ ከወር በኋላ «ላፕቶፔ ፎርማት ሆነብኝ» ብሎ የሚደውል አይጠፋም።